ብቻዬን የሆንኩት ሠርግ

ንገሪን ካላችሁኝ እንግዲህ ልንገራችሁ። ትናንት የልጅ ልጄ ያንን ትልቅ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፋችብኝና የሠራችውን የሠርግ ዘፈን አሰማችኝ። ስፖንጁ ይሞቃል፣ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል።

"እማማ፣ እልልታው እንዴት ነው? አንዷን ቀድቼ ኮፒ ኮፒ አድርጌው እኮ ነው።"

"ጎሽ፤ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይተነፍሳሉ" አልኳት። ሳቀች። የእኔ ሐሳብ ግን ቦሌ ሚካኤል፣ ከዚያች የጓሮ ቤት ገብቶ ቀረ።

ካሴት የምንቀዳባት ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል፤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ካርቶኑ ይሸታል። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀረጻው ይቆማል። ድምፅ ቀጂው እጁን ያነሳል፣ ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን እያየን እንጠብቃለን። እኔ እዚያ ያልነካሁት ነገር የለም። ክራር እመታለሁ፣ ከበሮ እመታለሁ፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ሲቀር አኮርዲዮኑን አነሳለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ለየተጫዋቹ ድርሻውን በአፌ እያዜምኩ ነበር የማስይዘው።

ታዲያ አሳታሚው አንድ የሠርግ ዘፈን አቀናብሪ ብሎ ሰጠኝ። ዜማውም የራሴ ነበር። ሌላው ያዘዘኝን ስጫወት ኖሬ፣ የመጀመሪያዬ መሆኑ ነው። የቀረጻው ዕለት ሁሉም ተቀዳ፤ የቀሩት እልል የሚሉት ሴቶች ብቻ ነበሩ። እነሱ ደግሞ የአንዷ እናት አርፋ ለቅሶ ሄዱ።

አሳታሚው ሰዓቱን እያየ፣ "ጥር እኮ ደረሰ! ዛሬ ካላለቀ ለኪቦርድ ተጫዋቹ እሰጠዋለሁ" አለ።

"ለማንም አይሰጥም። እኔ እልል እላለሁ።"

"አንቺ አንድ ሰው ነሽ፤ ሠርግ ነሽ እንዴ?"

"እሆናለሁ!"

ድምፅ ቀጂው ሳቀብኝ። "እንግዲያው ሙሽራውንም አንቺው ሁኚልን!"

"ማይኩን አስተካክል አንተ" አልኩና ጫማዬን አወለቅኩ።

መጀመሪያ ማይኩ አጠገብ ቆሜ፣ እንደ ሚዜዎቹ ቀጠን አድርጌ። ቴፑን መለሰውና የፊተኛው ሳይጠፋ በላዩ ላይ ደግሞ ቀዳኝ፤ አሁን በሩ ጋ ሄጄ፣ ጥርሷ እንደወለቀው ጎረቤታችን ንፋስ እያመለጠኝ። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንደ ሙሽራው አክስት፣ ከሰው ሁሉ በላይ ካልተሰማሁ እንደምትለዋ። አውሮፕላን ሲያቋርጠኝ ውኃ እጎነጫለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ። አሳታሚው "ይበቃል በቃ፣ ቤቱ ሞላ!" አለኝ።

አልበቃም። የሙሽራዋ እናት ገና አልመጣችም።

እናቴ እኔ ሳላገባ ነው ያለፈችው። የእሷ እልልታ ከታች፣ ከሆዷ ይነሳል። መሐል ላይ ቁርጥ ይላል፤ የቀረ ሲመስል ደግሞ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ዓይኔን ጨፍኜ እልልታዋን አቀለጥኩት።

ሲያልቅ የሳቀ አልነበረም። አሳታሚው ኮፍያውን አነሳና፣ "የሚቀጥለውንም አንቺ ትሠሪዋለሽ" ብሎኝ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ስንቱን ካሴት አቀናበርኩ፣ ለስንቱ ዘፋኝ ዜማ ሰጠሁ። ሾላ ገበያ ከየሱቁ ያንን ዘፈን ስሰማ ግን ዘንቢሌን አስቀምጬ እቆም ነበር። እልልታው የማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአባቴም ቢሆን።

አባቴ ካረፈ ከስንት ዘመን በኋላ ታናሽ ወንድሜ ጨዋታ ሲያነሳ ነገረኝ። ዘፈኑ በሬዲዮ መጥቶ እልልታው ሲቃረብ አባባ ጉርሻውን መልሶ ያስቀምጥ ነበር አለኝ። ቤት ያሉት ልጆች ሲንጫጩበት፣ "ዝም በሉ እናንተ፣ አሁን ልትመጣ ነው" ይላቸው ነበር።