የተሰረጎደው ፊልትሮ

መኪናዬን ዘይት ላስቀይር ጎንደር አንድ ጋራዥ ገብቼ በርጩማ ላይ እንደተቀመጥሁ፣ መካኒኩ አዲሱን የዘይት ፊልትሮ ከካርቶኑ አውጥቶ አገላበጠና ጎኑን አሳየኝ፤ አውራ ጣት የምታህል ስርጉድ ነበረችበት። «እናቴ፣ ይሄንኑ ልግጠመው ወይስ ከአዘዞ ሌላ እስኪመጣ ይጠብቃሉ?» አለኝ። «እናቴ» መባሉን ገና አልለመድሁትም። ከመኪናው ሥር የሚወርደው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወዳደግሁባት የሰሊጥ አገር፣ አብደራፊ፣ አባቴ አባየ ዘንድ መልሶ ወሰደኝ።

አባየ የትራክተር ሹፌር ነበር። እናቴን ፊቷን ለይቼ ሳላውቀው ወባ ስለወሰደቻት ቤታችን ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነበርን፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ «ተመስገን፣ ሰሊጣችን ሊዘራ ነው» ሲል እኔ ነጎድጓዱን እጠላው ነበር፤ ምክንያቱም አባየ ልብሴን በፌስታል ቋጥሮ ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ዘንድ ያስቀምጠኝና፣ መንገዱ በዋልካ ጭቃ ሳይዘጋ ወደ እርሻው ካምፕ ይሄዳል። እትዬ ውዴ ደግ ሴት ነበሩ፤ ግን የሰው ቤት የሰው ቤት ነው፣ ውኃ ለመጠጣት እንኳ አስፈቅድ ነበር።

አንድ የሐምሌ ጠዋት አባየ እንደ ልማዱ ልብሴን በፌስታል ከቋጠረ በኋላ፣ ትራክተሩን ለዘር ሊያዘጋጅ ግቢያችን አቆመው። የእኛ አገር ሹፌር ፊልትሮ ሲጣበቅበት ብዙ አይለማመጠውም፤ ካቻቢቴውን በመዶሻ መትቶ ከጎን ወደ ጎን ያሳልፍበትና ጠምዝዞ ይነቅለዋል። አባየም አሮጌውን በስቶ ከነቀለ በኋላ ነው የአዲሱን ካርቶን የከፈተው። ከመተማ በጭነት መኪና፣ ምናልባትም በርሜል ተጭኖት የመጣው ፊልትሮ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። አሮጌው ተበስቷል፣ አዲሱ ተሰርጉዷል፤ ትራክተሩ እንደ ታመመ በሬ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ቀረ።

የእርሻው ባለቤት ወኪል ጋሽ መኩሪያ ወሬውን ሰምተው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ዋልካው ጫማቸው ሥር እየተደራረበ ቁመት ጨምሮላቸው እየተንገዳገዱ መጡ።

«ቆርቆሮ እኮ ነው! እንቁላል አደረግኸው እንዴ? እሰረውና ውጣ፣ ዝናቡ አንተን አይጠብቅም!»

አባየ ፊልትሮውን ወደ ብርሃን አዙሮ በቀዳዳው እያሳያቸው፣ «ቆርቆሮው አይደለም ጋሼ፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ተጨምድዶ ቢሆንስ? ሞተሩ እርሻ መካከል ቢቃጠል እርስዎ ነዎት የሚያወጡልኝ?» አላቸው። ጋሽ መኩሪያ እየተበሳጩ ከጎንደር ሌላ እንዲያመጣ ሰው ላኩ፤ ከግቢው ሲወጡም «ሹፌር እንደሆነ ሞልቷል» ብለው ሄዱ።

መንገዱን ጭቃ ስለያዘው ፊልትሮው ሳምንት ያህል ዘገየ፤ ያን ሳምንት አባየ ቤት ነበር። በክረምት! የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነ፣ ፉል ቀቅሎ በሰሊጥ ዘይት ለውሶ አበላኝ፣ ፀጉርሽን ልሥራሽ ብሎም ግሪስ በለመደ ጣቱ ሲጎነጉነኝ ዋለ። እትዬ ውዴ አይተውኝ «ወይ ጉድ! ይሄ ሹሩባ ነው የሰሊጥ ነዶ?» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እኔ ግን እንዳይፈታብኝ ራሴን ለማንም አላስነካም አልሁ። ነጎድጓዱም ያን ሳምንት ደስ አለኝ። ከሩቅ የመኪና ድምፅ ስሰማ ብቻ ወደ አጥሩ ሮጬ አሾልቅ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና ያ ፊልትሮ ጭቃ ውስጥ እንዲቀር እጸልይ ነበር።

ፊልትሮው መጣ፣ አባየም ሄደ። ዘሩ ዘግይቶ ስለነበር ሰሊጡ እንደሚገባው ፍሬ ሳይዝ ዝናቡ አበቃ፤ በዓመቱ ጋሽ መኩሪያ እንዳሉትም ሌላ ሹፌር ቀጠሩ። አባየ ሥራ ፍለጋ ገለጉ ድረስ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ክረምቱ ብቻ ሳይሆን በጋውም እትዬ ውዴ ቤት ሆነ።

አባየ ሲሞት ለቅሶ ላይ አንድ የጥንት ባልደረባው አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ትራክተር ዘመናቸው ሲያወጋኝ፣ «ስንቱን የተጨረመተ ፊልትሮ አስረን አርሰናል መሰለሽ፤ አባትሽማ ስርጉዱን አይቶም አያውቅ፣ አስሮ መሄድ ነው» አለኝ። ታዲያ ያን ጊዜ ብቻ ለምን እምቢ አለ? ከዚያ በፊት ሞተር ተቃጥሎበት ፈርቶ ይሆን? ወይስ በዚያ ጠዋት ልብሴን በፌስታል ሲቋጥር ፊቴን አይቶት ነበር? እንጀራውን ያሳጣው ለሞተሩ ሲል ይሁን ለእኔ ሲል ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ልጠይቀው የምችለውም እሱን ብቻ ነበር።

«ምን ይሻላል እናቴ?» ሲል መካኒኩ ደገመልኝ። እንዲህ ያለውን አስረው የሚነዱ ብዙ ናቸው፣ እሱ ግን ደፍሮ ደህና ነው ሊለኝ አልፈለገም።

«እጠብቃለሁ» አልሁት። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም። በርጩማዬን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ፣ የተሰረጎደውን ፊልትሮ እጄ ላይ ይዤ፣ የአዘዞውን መኪና መጠበቅ ጀመርሁ። ያኔ እኮ ስንጠብቅ ሁለት ነበርን።