መንገድ የዘጋው ሳጥን

ሐጂ አብዱላሂ፣ ልጃቸው ነቢላ፣ የአቦከር ሰፈሯ እትዬ ብዙነሽ፣ ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ እኔ። ባለፈው እሑድ ልጄ ሩት የሠራችውን ድረ ገጽ ስታሳየኝ «ተመዝግቧል» የሚል ሳጥን መሀል ላይ ዘሎ ወጣና እነዚህ ሰዎች ፊቴ ድቅን አሉ።

«አጥፊው» አልኳት።

«አባዬ፣ አንድ መስመር ኮድ እኮ ነው!»

«ስለቀለለሽ ነው የምፈራው።»

ሐጂ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የሠርግ ድንኳን ያከራዩ ነበር። እሳቸው ጋ ተቀጥሬ፣ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ያለ አስተማሪ ለቃቅሜ የቀጠሮ መመዝገቢያ ሠራሁላቸው። ነቢላ ኤረር በር ሰፈር ካለው መጋዘን የመዘገበችው ወዲያው እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይታያል። ምዝገባ ባለቀ ቁጥር ግን ብሮውዘሩ ራሱ የሚያወጣው ሳጥን ብቅ ይላል፤ ቁልፉ እስኪጫን ገጹ በሙሉ ይቆማል። እኔ እንደ ጌጥ ነበር የማየው፤ ሐጂ ጋ ሲወጣም የምጫነው እኔው ነበርኩ።

ጥር ነበር። ሐጂ እኔ በሌለሁበት አንድ ቀጠሮ መዘገቡ፤ ሳጥኑ ወጣ፤ ሳይነኩት ለእኩለ ቀኑ የዙህር ሶላት ሄዱ። ነቢላ በዚያው ሰዓት ትልቁን ድንኳን ለቅዳሜ አከራየች፤ ገጹ ቆሟልና ሐጂ ጋ አልታየም። ሲመለሱ እትዬ ብዙነሽ ልጃቸውን ሊድሩ ድንኳን ፍለጋ መጥተዋል። ሐጂ ከሳጥኑ ጀርባ ቅዳሜን ባዶ አይተው ቃል ሰጡ።

በማግስቱ ሳጥኑን ስጫነው የነቢላ ቀጠሮ ብቅ አለ። አንድ ድንኳን፣ ሁለት ሠርግ።

«ሐጂ፣ ለምን አልተጫኑትም?»

«ላንተ የመጣ መልእክት መስሎኝ! የሰው መልእክት እነካለሁ እንዴ? ወላሂ፣ ሲመጣ ያየዋል ብዬ ነው።»

እትዬ ብዙነሽ ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። «እንግዳዬን ፀሐይ ላይ ላስጣው? በርበሬ ነው?»

ሐጂ ቃላቸውን አላጠፉም፤ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ ካለ ሌላ አከራይ ድንኳን ተከራዩ። እኔም ከተሸካሚዎቹ ጋር ምሰሶ ተሸከምኩ። የጁገል ጠባብ መንገድ ደንብ አለው፤ ባዶ እጁን የሆነ ግድግዳ ተጠግቶ ባለ ሸክሙን ያሳልፋል። አንዲት አሮጊት ጥግ ይዘው «የሠርግ ነው? እሰይ! ታች ውሃ ፈሷል፣ እንዳያንሸራትታችሁ» አሉን። ሰማናቸው፤ እርምጃችን ግን አልተገታም። መልእክት እንዲህ ነው የሚነገረው አልኩ በልቤ። ከሠርጉ በኋላ ሳጥኑን አጥፍቼ ጽሑፉን ገጹ ጥግ ላይ አስጠጋሁት።

ሌላ ሰው ቢሆን ያባርረኝ ነበር። ሐጂ ግን «ያበላሸኸውን አንተው አቃና» ብለው እዚያው ወንበር ላይ መልሰው አስቀመጡኝ። ዛሬ ልጆቼን የማሳድግበት ሙያ የቀረልኝ በዚያች ቃል ነው። ሥራ የምታስተምሪው ቢኖርሽ እንዲህ አድርጊ አልኳት ሩትን፤ ሳጥኑንም አጠፋችው።

ያኔ ሐጂ ከደመወዜ ሳንቲም አልቆረጡም። የድንኳኑን ኪራይ አምስት መቶ ብር ሐጂ ከፈሉ፤ የተሸካሚዎቹን ሃምሳ ብር እትዬ ብዙነሽ «ሠርጉ የኔ አይደል?» ብለው ሰጡ። የኔ ጌጥ ዋጋ በድምሩ አምስት መቶ ሃምሳ ብር ሆነ።