ወረቀቱ ብርድ አያውቅም ነበር
የልጅ ልጄ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ሰሞኑን ለሠራተኞች ሥልጠና ያዘጋጀችውን ጽሑፍ አማርኛውን እንዳርምላት ሰጠችኝ፤ ሥራን ስለማቀላጠፍና ገበያ ላይ ተወዳዳሪ ስለመሆን ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆዳ ገንዳ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት የተወሰነበት ሠንጠረዥ አለ። እዚያ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

በደርግ ዘመን አዳማ ውስጥ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት ቆዳ ፋብሪካ ለሠራተኞች ፊደል አስቆጥር ነበር። ከተማሪዎቼ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ቱሉ የኖራው ገንዳ ኃላፊ ነበሩ። ጥሬ ቆዳ ጠጉሩ እንዲለቅ ኖራ ውስጥ ይነከራል። ጋሽ ቱሉ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉትና “ገና ነው” ወይም “ይውጣ” ይላሉ። እኔን በኦሮምኛ “ባርሲሳ” ይሉኝ ነበር፣ አስተማሪው ለማለት። ስማቸውን መጻፍ የቻሉ ዕለት ደስ ብሏቸው የሻሸመኔ ድንች በሚጥሚጣ ጋበዙኝ።

እኔ ግን ሥራ በጣት ሲመራ ማየት አላስቻለኝም። ፋብሪካው የምርት ውድድር ላይ ነበር፣ ኮታውም አልሞላ ብሏል። በፋሲካ ዕረፍት፣ የሚያዝያ ሐሩር አናት ሲበሳ፣ ደብተር ይዤ ገንዳው አጠገብ ሰነበትኩ። ቆዳው የሚቆይበትን ሰዓት መዝግቤ፣ አማካዩን አውጥቼ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ የመግቢያ ሰዓት፣ የመውጫ ሰዓት፣ ፊርማ። የፋብሪካው አስተዳደርም ወዲያው ሥራ ላይ አዋለው።

ጋሽ ቱሉ ሲያዩት ፈገግ አሉ። “ባርሲሳ፣ ይሄ ወረቀትህ ብርድ ያውቃል?”

ሰዓት በጋና ክረምት እንደሌለው ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው። የተማርከው አንተ ነህ ብለው መፈረም ጀመሩ።

ምርቱ ጨመረ፤ ፋብሪካውም ተሸለመ። ከዚያ ኅዳር ገባ። የንጋቱ ብርድ የገንዳውን ውሃ አቀዘቀዘው፤ ኖራ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ቆዳው እንደ ሠንጠረዡ በሰዓቱ ወጣ። ለወታደር ጫማ የተላከው ሁሉ ተሰነጣጥቆ ተመለሰ።

የኢኮኖሚ አሻጥር ተባለ። የፋብሪካው ካድሬ ሠራተኛውን ሰብስቦ መዝገቡን ገለጠ። በየመስመሩ ያለው፣ እኔው ያስተማርኳቸው፣ የጋሽ ቱሉ ፊርማ ነው። እሳቸውም ቆዳው ገና መሆኑን ተናግረው እንደነበር፣ ሰዓቱ ደርሷል ስለተባሉ እንዳወጡት ተናገሩ።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። “ጓድ መምህር፣ ሠንጠረዡ ስሕተት አለበት?”

ጋሽ ቱሉ አላዩኝም፤ አቀርቅረው ነበር።

“የለበትም” አልኩ።

የዚያኑ ዕለት ወሰዷቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ መፈታታቸውን ሰማሁ። አንድ ቀን አዳማ ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየኋቸው፤ ከስተው፣ በምርኩዝ ይሄዳሉ። መንገድ ቀየርኩ። ዓመት ሳይሞላ ሞቱ።

ዕድሜዬን በሙሉ ሳስረዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፍርሃትም ከዕድሜ ጋር የሚለቅ ይመስለኝ ነበር። ትናንት የልጅ ልጄ መጥታ፣ “ሠንጠረዡስ እንዴት ነው፣ አባባ?” ስትለኝ ሁለት የፊደል ግድፈት አሳየኋትና ጽሑፉን መለስኩላት።