በባለቤቴ መቃብር ላይ የተነበበው ውሸት

መርሳ ውስጥ ከክርስቲያኑ ወገን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ጎሚስታ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት ሾፌሮች መኪና ውስጥ ከሚተዉት አሮጌ ጋዜጣ ነው። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ቅሬያችን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር፣ ሐዘን በደረሰ ቁጥር ወረቀት ይዞ ይመጣብኝ ነበር።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ጻፍኩ። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን «ለቤተሰቡ አሳቢ» አልኩት። ጎረቤት ስታጣላ የኖረችውን «ተጫዋች» አልኳት። ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ የራሱ ተራ ሲደርስም እንዲሁ እንዲዋሽለት ይፈልጋል። ይህን ሕዝብ በጣም ንቄው ነበር። ብዕሩን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ባለቤቴ ሞተች። የቅሬው ዳኛ፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ «አንተ ሐዘንተኛ ነህ፣ ዛሬ አትጽፍም» ብሎ ሥራውን ወልድያ ለሚያስተምር ዘመዱ ሰጠው። ሰውየው በሕይወቱ አንድም ቀን አይቷት አያውቅም። አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ እንዲህ ሲል አነበበ፦ «ወይዘሮዋ በባለቤታቸው ሙሉ ድጋፍና ማበረታቻ የአዋላጅ ነርስነት ትምህርታቸውን ተከታትለው...»

ልጄ አጠገቤ ነበረች። ልቅሶዋን አቋርጣ ቀና ብላ አየችኝ። እናቷ ነግራት ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። ልጃችን ገና ዳዴ ስትል ባለቤቴ ወልድያ ገብታ እንድትማር ተፈቀደላት። ደብዳቤው የመጣው በእኔ እጅ ነው። ያገባች ሴት ከተማ ለከተማ ምን ያዞራታል ብዬ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከጎማ ማጣበቂያው ሥር ደበቅሁት። በኋላ የተገነጠለ ጫማዋን ልታጣብቅ ሳጥኑን ስትከፍት አገኘችው። የመመዝገቢያው ቀን አልፎ ነበር። አልጮኸችም።

«በሚመጣው ዓመት ራስህ ታደርሰኛለህ» አለችኝ።

አደረስኳት። ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነፈስኩላትም። ሙሉ ድጋፌ ይሄ ነበር።

ተምራ ስትመለስ ከውርጌሳ በላይ ባለው ገጠር መደቧት። ምጥ በዓልም አያውቅም፣ ጾምም አያውቅም፤ እህል ሳትቀምስ ውላ እግሯ አብጦ ትመጣለች። በማርያም ቀን ቅዳሴ ስትቀር እኔ፣ ከቅዳሴ ይልቅ አንገቴን አዙሬ ማን እንደቀረ የምቆጥረው ሰውዬ፣ እገሥጻት ነበር።

«ዛሬም ሳትሳለሚ ዋልሽ?»

«ምነው፣ በደጇ ሳልፍ ተሳልሜያለሁ። አንተ ውስጥ ገብተህ ስታንኮራፋ ነበር አሉ።»

የመውለጃቸው ቀን የደረሰ የገጠር ሴቶች ከጤና ጣቢያው እንዳይርቁ እያለች ቤታችን ታሳርፋቸው ነበር። እኔ ፊቴን አጨፍግጌ እወጣለሁ። በኋላ ግን ገበያ ላይ ሰው «የሐኪሟ ባል» ሲለኝ ደረቴን እነፋ ነበር። ከዚህ የባሰ ርካሽ ነገር ካለ አላውቀውም።

ከቀብር መልስ ልጄ ያን ወረቀት ይዛ መጣች። እኛ ዘንድ የሟች ታሪክ ከፎቶው ጋር በፍሬም ሆኖ ሳሎን ይሰቀላል።

«አባባ፣ ይሄንን ልስቀለው?»

«የእናትሽ ታሪክ አይደል?»

«የእርስዎ ነው የሚመስለው። ሙሉ ድጋፍ የሚለው ጋ ስደርስ እንግዳ ፊት ሳቄ ቢመጣ ምን ልበል?»

«ሳቂ።»

«እማዬ ብትሰማው እኮ አትስቅም ነበር» አለችና ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ብዙ ቀን አየሁት። ቢሰቀል፣ የልጅ ልጆቼ እሷን ሳይሆን የአንድ ደግ ባልን ሚስት ያውቃሉ፤ የተሻገረችው ነገር ሁሉ ይጠፋል። በሰው ታሪክ ላይ ስዋሽ ኖሬ በእሷ ላይ አቃተኝ። አዲስ ጻፍኩ፤ ደብዳቤውንም፣ ሳጥኑንም፣ ሚኒባሱንም።

በአርባዋ፣ ድንኳኑ ውስጥ ላነብ ስነሳ የቅሬው ዳኛ ወረቀቱን አጮልቆ አይቶ ኮቴን ያዘኝ።

«ኧረ በማርያም ተው! ገመናህን በአደባባይ? ለሙት እኮ ጥሩ ጥሩው ነው የሚነበበው።»

«ጥሩ ጥሩው የሷ ነው። መጥፎው የኔ ነው» አልኩት።

አነበብኩ። ለቀስተኛው እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ደብዳቤው ጋ ስደርስ ግን ሁሉም ቀጥ አለ። ካህኑ አቀረቀሩ። ከወልድያ የመጣው አስተማሪ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ስጨርስ ከሴቶቹ መሐል አንዲት ሙስሊም እናት መጣች። ከውርጌሳ በላይ ካለው መንደር ናት፤ ባለቤቴ አራት ልጆች አዋልዳታለች። የበኩር ልጇን ግን፣ አዋላጅ በሌለበት፣ ቤቷ ስትወልድ ነው ያጣችው።

«ወላሂ ደግ አደረጉ፣ እውነቱን መናገርዎ» አለችኝ። «ስንት ዓመት አስቀሯት አሉ?»

«አንድ።»

ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

«የኔ ልጅ እሷ እኛ መንደር ልትመጣ ስምንት ወር ሲቀራት ነው የሞተብኝ» አለችና ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች።

ልጄ ፍሬሙን ልታዘጋጅ ወረቀቱን ስትጠይቀኝ፣ ቆይ አልኳት። ብዕሬን አውጥቼ የዚያችን እናት ልጅም ጨምሬ ጻፍኩበት። አሁን ሳሎን ተሰቅሏል።