ወደ ሐይቁ የዞረው በረንዳ

ካምፓላ መጥቼ ንቲንዳ ሰፈር ባለ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ስቀጠር የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የሚያሠሩት ቤት ነበር። ሴትዮዋ ወደ ሐይቁ የሚያየው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መስታወት እንዲሆን ፈለጉ። ግድግዳው ወደ ምዕራብ የዞረ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ቤቱ እንደሚግል አውቅ ነበር።

አለቃዬ፣ "የጠየቁሽን ሥሪላቸው" አለኝ።

እኔ ግን አሥር ሰዓት ላይ ሴትዮዋን ወደ ባዶው መሬት ወስጄ፣ ሳሎናቸው የሚሆንበት ቦታ አስቀመጥኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ ፀሐዩን በእጃቸው ከለሉ።

"እናቴ ቤት እንዲህ አያቃጥልም ነበር" አሉኝ። "የሣር ክዳኑ ዝቅ ብሎ ደጁ ላይ ያጠላ ነበር። እዚያ ተቀምጠን የማቶኬ ሙዝ እንልጥ ነበር።"

"እንግዲያው እሱን ልሥራልዎት" አልኳቸው።

ጣሪያውን ከግድግዳው ሦስት ሜትር አሳልፌ ሰፊ በረንዳ አወጣሁ። ከመስታወቱም ገሚሱን ነፋስ በሚያሳልፍ ባለቀዳዳ ጡብ ተካሁት። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ዘመናዊ ቤት ወጣው፤ አለቃዬም ንድፉን ምንም ሳይለውጥ ፈረመበት።

ቤቱ ተሠርቶ ሴትዮዋ ከገቡበት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ልጠይቃቸው ስሄድ፣ በረንዳው ላይ ከእህታቸው ጋር ካርታ ይጫወቱ ነበር። ሳይጠይቁኝ ለእኔም አደሉኝ።