ጎመን በወጣበት ቤት

ነፍሰ ጡር የሆነችው የጎረቤቴ ልጅ ትናንት ከፍኖተ ሰላም ፋርማሲ የገዛችውን የቫይታሚን ጠርሙስ እንዳነብላት አመጣችው። «በቀን አንድ ይላል» አልኋት። «ሁለት ብውጥስ? ቫይታሚን አይደል፣ ምን ያደርጋል?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ታላቅ እኅቴ ትዝ አለችኝ።

እታለም ነበር የምላት። ቡሬ አጠገብ ተድራ፣ እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር፣ ላግዛት እሷ ዘንድ ተቀመጥሁ። ክረምቱን ጎመን በላን። ለመስቀል አማቷ እንደ አገሩ ልማድ «ጎመን ውጣ፣ ገንፎ ግባ» እያሉ ግድግዳውን በዱላ እየመቱ ጎመንን አስወጡ፣ ገንፎን አስገቡ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ጎመን መቀቀል ነውር ነው። ውኃ እየቀዳሁ ያሳደግሁትን የጓሮ ጎመን በሬዎች በሉት።

ጥር ላይ እታለም ፀነሰች፤ ወዲያውም ሲመሽ በሩን በዳበሳ መፈለግ ጀመረች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ዳፍንት ነው» አለቻት። «ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ በዘይት ብዪ። ይህን የቫይታሚን ክኒን ግን ከሰጠሁሽ አታሳልፊ፤ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል።»

አማቷ ግን ጭራሽ አልሰሙም። «በጥር ጎመን? ጎተራቸው ተራቆተ እንዲሉን ነው?»

«አይቆጡ፣ እማዬ» አለ ባሏ። ደግ ሰው ነበር። «ጎመኑን በክኒን እንተካዋለን።»

ከቡሬ ገበያ፣ ከአንድ አዟሪ፣ ጉልበቱ የበረታ የተባለውን ገዛላት። እታለም ጎመን ልትበላበት በሚገባት ማዕድ ሁሉ አንድ አንድ ክኒን ዋጠች። ነገሩ ልክ መስሏት ነው፤ ጎመን ቢደጋግሙት ማንን ገድሎ ያውቃል?

ዐይኗ በራ። አማቷ እልል አሉ። ራሷን ሲፈልጣት፣ ሲያስታውካት፣ ከንፈሯ ሲላጥ፣ «እርግዝና ነው» ተባለ። ልጁ ጆሮ ሳይወጣለት ተወለደ፤ ክርስትና ሳይነሣም ሞተ። አማቷ የሰው ዐይን ነው አሉ። በክኒኑ ይሁን በሌላ፣ በእርግጥ የነገረን የለም።

ዘግይቼ ተምሬ፣ ከቅጠል የሚገኘው ቫይታሚን ኤ እንደዚያ እንደማይጎዳ፣ የክኒኑ ግን ልክ እንዳለው በመጽሐፍ አነበብሁ። ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን ከድኜ ተቀመጥሁ። ለማን ልንገረው?

እታለም ዛሬም ቡሬ ናት። ሌላ ልጅ አልወለደችም። ልጠይቃት ስሄድ የዚያን ክኒን ነገር ታነሣና፣ «ተመስገን፣ ዐይኔን እንኳ አተረፈልኝ» ትለኛለች።

እኔም «ተመስገን» እላታለሁ።