ጋሼ ፈንታው አጥርተው የሰጡኝ ፎቶ

ፎቶ አንሺው ጋሼ ፈንታው ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እዚሁ ላሊበላ በቤታቸው አርፈዋል። መርዶው የደረሰኝ ከገበያ ስመለስ ነው። የተሸከምኩትን አውርጄ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሐዘኑ የሁላችንም ነው። እኔ ላይ ግን ሐፍረትም ተጨምሮበታል፤ ዛሬ በአርባቸው በዚህ ዳስ ለተሰበሰባችሁ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የጻፍኩት እሱ አልለቅ ስላለኝ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍምና የጎደለውን ሙሉልኝ። ጽሑፌን የምታነብላችሁ ተማሪያቸው ሰላም ናት።

ለመታወቂያ፣ ለፈተና፣ ለፓስፖርት ብሎ ጋሼ ፈንታው ፊት ያልተቀመጠ የላስታ ሰው ጥቂት ነው። በፎቶ ቤታቸው በር ጀርባ፣ ሚስማር ላይ፣ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ልብሱ ያለቀበት ሰው ሲመጣ «ብርድ ነው፤ ይቺን ደረብ አድርጋት» ይሉታል እንጂ ስለ ልብሱ አንድ ቃል አይናገሩም። ስንቱ ገበሬ በዚያች አንድ ኮት መታወቂያ አውጥቷል! አንድ ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ የነበረ ሰው «ጋሼ፣ የዚህ አገር ሕዝብ ያለው አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ ቢቀልድባቸው፣ «አንተን የሾሙህ ፊቱን እንድታይ ነው፤ ኮቱን ለእኔ ተወው» አሉት። ነአኩቶ ለአብ ደጅ ያገኟቸው አንዲት የዋድላ አሮጊትም «ለልጆቼ መታያ ይሁን» ብለው ተነሥተው ፎቷቸውን ሳይወስዱ አገራቸው ቢገቡ፣ ጋሼ ወደ ዋድላዋ ኮን ከተማ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር እየጠየቁ በመጨረሻ እጃቸው አድርሰውላቸዋል።

በሠርግ ላይ ፎቶን በሸራ ማሳየት እየተለመደ ሲመጣ በስተርጅና ኮምፒውተር ተማሩ። ሙሽሮች በስልካቸው ፎቶ ይዘው ሲመጡ እሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ፎቶው አልነበረም። «ሸራው ምን ያህል ነው? ሰውስ ከየት ሆኖ ነው የሚያየው?» ይላሉ። ከዚያም አዳራሹ ድረስ ሄደው ያዩታል። ሰላም ምክንያቱን ስትጠይቃቸው የመለሱላትን እኔም ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

«ፎቶ የነጠብጣብ ክምችት ነው፤ እንደ ጤፍ ዘር በይው። ለጓሮ የያዝሽውን ዘር ወስደሽ ሰፊ ማሳ ላይ ብትበትኝው ባዶ መሬት ይታይሻል። በስልክ ተልኮ የመጣ ፎቶም መንገድ ላይ ይከሳል፤ ዋናውን አምጡ በያቸው።»

«እንግዲያው ሁሉንም በትልቁ እናድርገዋ፣ ጋሼ» አለቻቸው።

ሳቁባት። «ይቺ ኮምፒውተር አሮጊት ናት። ከአቅሟ በላይ ጭነሽባት ሙሽራው ፊት ብትተኛ ማን ያስነሣታል? ሸራው ከሚችለው አታሳንሺ፣ ከሚችለውም አታብዢ።»

የእኔ ጉዳይ የመጣው ልጄ ትርንጎ ስትታጭ ነው። የሙሽራው ቤተሰቦች የወልድያ ሰዎች ናቸው፤ የተማሩና የተከበሩ። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ስጉ ነኝ። በር ዘግቼ ከሄድኩ በኋላ መዘጋቱን ለማየት የምመለስ ሴት ነኝ። የሙሽሮቹ ሕይወት ከልጅነታቸው ጀምሮ በሸራ ይታያል ሲባል ጨነቀኝ። ትርንጎ በልጅነቷ የተነሣችው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእኔ ጋር ብልባላ ገበያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ጋሼ ፈንታው በገበያ ቀን ካሜራቸውን ይዘው ወደዚያ ይመጡ ነበር። ፎቶው የመዳፍ ያህል ነው፤ ዘመን አደብዝዞታል። በመሐረብ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። መደብዘዙን በልቤ ወድጄው ነበር።

እሳቸው አገላብጠው አዩትና «ይህማ ለሸራው አይበቃም» አሉ። ወደ ጓዳ ገብተው እያሳሉ ተመለሱ፤ ሕመሙ ያኔ ጀምሯቸው ነበር። ፎቶው የታተመበትን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ ያን ሁሉ ዘመን አስቀምጠውት ኖሯል። በመሣሪያቸው ወደ ኮምፒውተሩ አስገብተው በትልቁ ሲያወጡት ክው አልኩ።

ፎቶውን የተነሣንበት ዓመት ዝናብ የጠፋበት ዓመት ነው። ቀሚሴ ጎኑ ላይ ሲያልቅ በእርዳታ ስንዴ ጆንያ ጥፌው ነበር። በትንሹ ፎቶ ላይ እራፊው ጥላ ይመስላል። በትልቁ ላይ ግን የጆንያው ጽሑፍ ፊደል በፊደል ተለይቶ ይታያል።

«ጋሼ፣ ይሄ አይወጣም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ጆንያው! አማቶቿ እያዩ? ያደብዝዙት። እንዳመጣሁት ይሁን።»

«ዘነቡ፣ ሰው ሁሉ አጥራልኝ እያለ ነው የሚያስቸግረኝ። አደብዝዝልኝ ስትይኝ ያየሁት አንቺን ብቻ ነው።»

«ቀልዱን ይተዉት! እርስዎ ምን አለብዎት? የሚታየው የእኔ ገመና ነው።»

ጮኼ ነበር። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩኝ። ጋሼ ፈንታው ግን አልተቀየሙም፤ ወንበር ሳቡልኝ።

«ያን ቀን ያፈርኩትስ እኔ ነበርኩ» አሉ። «አታስታውሺም? ላነሣችሁ ዝቅ ስል ሱሪዬ ከኋላ ተተረተረ። ይቺ ልጅሽ ‹እማዬ፣ የሰውዬው ሱሪ ተቀደደ!› ብላ ገበያውን ሰበሰበችብኝ። አንቺ ሳቅሽ፤ እኔም በዚያው ቅጽበት የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ነው አገሬ የገባሁት።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ዘረጉ። «ጆንያውን አነበብሽ። አፍሽን ግን አላየሽውም።»

አየሁት። ጥርሴ እስኪታይ እየሳቅኩ ነበር። በዚያ ዓመት መሳቄን እኔ ራሴ አላውቅም። በትንሹ ፎቶ ላይ የሚታየው አንድ ጥቁር መስመር ብቻ ነው።

ቢሆንም ልቤ እሺ አላለኝም። እሳቸውም አልተጫኑኝም። ጥርት ያለውንም የደበዘዘውንም አዘጋጅተው በአንድ ፍላሽ አደረጉልኝ። «ሥራው የእኔ ነው፤ ፊቱ ግን ያንቺ ነው። አስቢበትና ለሰላም ንገሪያት» አሉኝ። በኋላ አልጋ ላይ ሲውሉ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ትንፋሽ እያጠራቸው «መረጥሽ?» አሉኝ። «ገና ነኝ» አልኳቸው። መርጬ ነበር። «ጊዜ አለሽ» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ሰላም አዳራሹ ውስጥ ገመድ እየዘረጋች «እትዬ ዘነቡ፣ የትኛው ይግባ?» አለችኝ።

«የደበዘዘው።»

«ጋሼ እኮ...»

«የደበዘዘው አልኩሽ!»

መብራቱ ጠፍቶ ፎቶዎቹ ማለፍ ጀመሩ። የሙሽራው ልጅነት፣ ትምህርት ቤቱ፣ ምርቃቱ፣ ሁሉም ጥርት ያለ ነበር። የእኛ ሲደርስ ሸራው ላይ ጭጋግ የወረደ መሰለ። አንዲት ልጅና አንዲት ፊቷ የማይለይ ሴት። አጠገቤ የተቀመጡት የሙሽራው እናት፣ እመት የሺመቤት፣ ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«ልጅቱን ይዛ የቆመችው ማን ናት? አልታየችኝም» አሉኝ።

አንደበቴ ቀደመኝ። «ጎረቤት ናት።»

«እርስዎ አይደሉም?»

«አይ፣ እኔ አይደለሁም። ብልባላ ሳለን ጎረቤታችን የነበረች ናት።»

አመኑኝ። ፎቶው አለፈ።

በመልሱ ዕለት ትርንጎ ጓዳ ድረስ ተከትላኝ ገባች።

«እማዬ፣ አማቴ ስለ ጎረቤታችን ጠየቁኝ።»

እንጀራ ማጠፌን ቀጠልኩ።

«‹ያቺ ይዛሽ የቆመችው ሴት ደግ ነበረች?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ደግ ነበረች አልኳቸው። ‹አሁንስ የት ናት?› ሲሉኝ ግን የምመልሰው አጣሁ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እንግዶቹ ተመለሰች። የጆንያ ቀሚሴን ጫፍ ይዛ በየገበያው ስትከተለኝ አንድ ቀን አፍራብኝ የማታውቅ ልጅ፣ ያን ቀን ከእኔ ጋር ስታወራ መሬት መሬት ታይ ነበር። እኔ ድህነቴን የሸሸግሁ መስሎኝ ነበር። የካድሁት ግን እናትነቴን ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ቆየሁ፤ ለነፍስ አባቴም እንኳ የነገርኳቸው በብዙ ምጥ ነው።

ይህ ጽሑፍ ተነቦ ሲያበቃ ሰላም የጋሼ ፈንታውን ሥራዎች በዚህ ሸራ ታሳያችኋለች። ፍላሹን እኔው በእጄ ሰጥቻታለሁ፤ የትኛው እንደሚወጣም ነግሬያታለሁ። ሸራው የሚችለውን ያህል አጥርታ ታወጣዋለች። ትርንጎ አማቷን ይዛ መጥታለች፤ እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል። እመት የሺመቤት፣ ዋሽቼዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ጆንያው ላይ የተጻፈውንም ያንብቡት፤ ልጄን ያሳደግኩት በእሱ ነው። ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ይህን ስጽፍም ፊቴ እንደ እሳት ይነድዳል፤ ሲነበብም እንዲሁ መሆኑ አይቀርም።

ጋሼ ፈንታው፣ ስጮኽብዎ ወንበር የሳቡልኝ አባቴ፣ በአልጋዎ ላይ ሳሉ እውነቱን ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ሱሪዎ በገበያ መሐል ተቀድዶ እርስዎ የሰው ሳቅ አተረፉበት። እኔ ቀሚሴ የተጣፈ መሆኑን ፈርቼ ራሴን ጎረቤት አደረግሁ። እኔ ረስቼው የሄድኩትን ሳቅ ያን ሁሉ ዘመን ጠብቀው ስላኖሩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሱ ብርሃን ወዳለበት ይውሰድዎ። በሰላም ይሂዱ፣ ጋሼ። ፎቶው ሲወጣ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ከዚህ ዳስ ውስጥ «ማን ናት?» የሚል ቢኖርም ሰው ሁሉ እየሰማ እመልስለታለሁ።